ከውስጣችን «ክፍሎች» ጋር የሚሰሩ ቴራፒዎች፦ አይኤፍኤስ፣ ስኪማ፣ የወንበር ስራ ወይስ ኢጎ ስቴት? የትኛው ለማን ይሆናል

ሰሞኑን ቲክቶኩም ዩቲዩቡም ስለ «ፓርትስ ወርክ» ነው የሚያወራው። ውስጥሽ ያለችው ትንሽ ልጅ፣ የሚጠብቅህ ክፍል፣ ምናምን ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ከዛ ነገሩ ልባችሁን ነክቶት ቴራፒስት ፍለጋ ስትገቡ አንዱ ፕሮፋይሉ ላይ አይኤፍኤስ ይላል፣ አንዷ ስኪማ ቴራፒ ትላለች፣ ሌላው ኢኤፍቲ፣ ሌላው ኢጎ ስቴት፣ ሁሉም ደሞ ከውስጣዊ ክፍሎቻችሁ ጋር እንሰራለን ነው የሚሉት። ግን ዋጋቸው አንድ አይደለም፣ የሚወስዱት ጊዜ አንድ አይደለም፣ ከጀርባቸው ያለው ጥናትም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እኔ የማምነው ዝና አይቶ መምረጥ እዚህ ጉዳይ ላይ ሰው ይጎዳል ብዬ ነው፣ መመረጥ ያለበት በችግሩ ክብደትና ፊታችሁ በሚቀመጠው ባለሙያ ማንነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መስፈርቶቹን ላስቀምጥ፣ ከዛ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። (አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ነገሩ ምንድን ነው

ሁላችንም ልባችን ሁለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከባሏ ጋር የተጣላች ሴት አንዱ ውስጧ «ዝም በይ፣ ቤትሽን አቆይ» ይላታል፣ ሌላው «እስከ መቼ?» ይላታል፣ ሶስተኛው ደሞ ሁለቱ እየተከራከሩ እያለ «አንቺ ድሮም ምንም አይሆንልሽ» እያለ ይሰድባታል። እነዚህ ቴራፒዎች ይሄን ክርክር ዝም ለማሰኘት አይሞክሩም፣ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ያናግሩታል። መቼ ጀመርክ? ምን ፈርተህ ነው? ይሄን ስራህን ብትተው ምን ይመጣል ብለህ ነው? ይሉታል። ሀሳቡ ምን መሰላችሁ፣ ዛሬ የሚያስቸግረን ባህሪ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ እያለን ከሆነ ነገር ያተረፈን ባህሪ ነው። አባቱ ሲጮህ ዝም ብሎ ግድግዳ ማየት የለመደ ልጅ 40 አመት ሞልቶትም ሚስቱ ስታለቅስ ያው ግድግዳውን ያያል፣ እሷ ግን ልቡ ደንድኗል ብላ ታስባለች።

ማንኛቸውም ቢሆኑ በጥሬው ብዙ ሰው ናችሁ አይሉም። ዛርም መንፈስም አይደለም የሚሉት ነገር። ከጤነኛ ሰው ውስጥ ያለ የተለመደ ነገር ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ጆሯችሁ ላይ ከውጪ የሚሰማ ድምፅ ካለ፣ በተለይ እንዲህ አድርግ ብሎ የሚያዝ ከሆነ፣ ወይ ለቀናት ሳትተኙ ጉልበታችሁ ከልክ በላይ ከሆነ፣ ወይ ራስን የማጥፋት ሀሳብ ካለ፣ የትኛው የክፍሎች ቴራፒ ይሻላል የሚለው ጥያቄ ይቆይ። መጀመሪያ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሀኪም)። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል አለ፣ አሜሪካ ከሆናችሁ 988 ደውሉ፣ ሌትም ቀንም ይሰራል፣ በስልክ አስተርጓሚ ጠይቁ። ጸበል የምትጠመቁም ከሆነ ተጠመቁ፣ ግን የታዘዘላችሁን መድሃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ሌላው፣ አንዳንድ ችግር ጭራሽ የክፍሎች ቴራፒ ቀዳሚ ምርጫው አይደለም። እጅ መታጠብና በር መቆለፍ መደጋገም፣ ማለት ኦሲዲ፣ ከሆነ ኢአርፒ የሚባለው (የሚፈሩትን እየተጋፈጡ ድግግሞሹን መተው) የሲቢቲ አይነት ነው መጀመሪያ የሚሞከረው፣ ሲቢቲ ማለት አስተሳሰብንና ባህሪን በመቀየር ላይ የሚሰራ ቴራፒ ነው። የድንገተኛ ድንጋጤ ችግርና አንድን ነገር ለይቶ መፍራትም በሲቢቲ በአጭር ጊዜ የሚሻላቸው ናቸው። ፒቲኤስዲ፣ ማለት ከከባድ አደጋ ወይ በደል በኋላ የማይለቅ ድንጋጤ፣ ከሆነ ደሞ በትራውማ (አደጋው ወይ በደሉ በተወው ቁስል) ላይ ያተኮረ ሲቢቲና ኢኤምዲአር (አይን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን ማከም) የተሻለ የተጠና መሰረት አላቸው። ይሄን የማይነግራችሁ የክፍሎች ቴራፒስት ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ሁለተኛ ሰው እጠይቃለሁ።

በምን እንመዝናቸው

አንደኛ ችግራችሁ ምንድን ነው? ራስን መውቀስ ነው? እድሜ ልክ የተደጋገመ የግንኙነት ችግር ነው? ከባድ የልጅነት በደል ነው? ወይስ ራስን የማወቅ ፍላጎት ብቻ? ሁለተኛ ማስረጃው፣ ማለት በቂ ሰው ላይ፣ ከሌላ ህክምና ጋር ተወዳድሮ ተጠንቷል ወይ። ሶስተኛ ጊዜና ብር። አራተኛ፣ ይሄ በጣም ይሰመርበት፣ ፈቃድ። ሰርተፍኬትና የስራ ፈቃድ አንድ አይደሉም፣ አንድ ሰው የአንድን ዘዴ ስልጠና ወስዶ ሰርተፍኬት ሊኖረው ይችላል፣ ግን የማከም ላይሰንስ ላይኖረው ይችላል። ላይሰንስ የሌለው ሰው ሲያጠፋ የምትከሱበት ቦርድ የለም። አምስተኛ ጥንቃቄው፣ ወደ ቁስሉ በምን ፍጥነት ነው የሚገባው። ስድስተኛ ደሞ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚመለከተው ቋንቋና እምነት ነው።

አይኤፍኤስ (ኢንተርናል ፋሚሊ ሲስተምስ)

ቲክቶክ ላይ የምታዩት በአብዛኛው ይሄን ነው። ሪቻርድ ሽዋርትዝ የሚባል የቤተሰብ ቴራፒስት ነው ያመጣው፣ በ1980ዎቹ ቺካጎ አካባቢ ቡሊሚያ (ከልክ በላይ በልቶ የማስመለስ ችግር) ያለባቸውን ወጣቶች ሲያክም። ልጆቹ «አንዱ ክፍሌ ብዪ ይለኛል፣ አንዱ ክፍሌ ደሞ ይሰድበኛል» እያሉ ሲነግሩት፣ ከቤተሰብ ጋር የሚሰራበትን ዘዴ ወደ ውስጥ አዞረው። ዋናው መፅሐፉ በ1995 ነው የወጣው።

ክፍሎቹን ሶስት ቦታ ይመድባቸዋል። ማናጀሮች አሉ፣ ነገር እንዳይበላሽ ቀድመው የሚቆጣጠሩ፦ ሁሉን በደንብ ካልሰራሁ የሚለው፣ ሰው እንዳይከፋው ሁሌ እሺ የሚለው። እሳት አጥፊዎች አሉ፣ ስሜቱ ሲነድ ዘለው የሚገቡ፦ መጠጥ፣ ጫት፣ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ፣ ድንገተኛ ቁጣ። ከነሱ ጀርባ ደሞ ህመሙን ይዘው የተገፉና የተደበቁ ክፍሎች አሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ህፃናት ናቸው። ከሁሉም በላይ ደሞ «ሰልፍ» የሚለው ነገር አለ፣ የተረጋጋ፣ የማይፈርድ፣ አዛኝ የሆነው ማንነታችን፣ ክፍሎቹን ማናገር ያለበት እሱ ነው ይላል።

ሴሽኑ (አንዱ የቀጠሮ ሰአት) ውስጥ ቴራፒስቱ አይን አስጨፍኖ «ይሄ ጭንቀት ሰውነትሽ ላይ የት ነው ያለው? ለሱ ምን ይሰማሻል?» ይላል። «አስጠልቶኛል» ካልሽ፣ የሚጠላው ሌላ ክፍል ነው ማለት ነው፣ እስኪ እሱ ትንሽ ፈቀቅ ይበልልን ይባላል። የተደበቀው ጋር ከመሄድ በፊት የሚጠብቁት ክፍሎች ፈቃድ ይጠየቃል። በደንብ ሲሰራበት እኔ በጣም የምወድለት ይሄን ነው። እኛ ሀገር ሀፍረት ትልቅ ነገር ነው፣ የሚጠጣ ሰው «ይሄ ክፍልህ ምን ሊያድንህ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ምናልባት በህይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስድብ ስለ መጠጡ ያወራል።

ማስረጃው ግን ከዝናው በጣም ያንሳል። በብዛት የሚጠቀሰው በ2013 የታተመው ጥናት የመገጣጠሚያ አንጓ በሽታ፣ ማለት ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ያለባቸው 79 ሰዎች ላይ ነው የተሰራው። ህመማቸውና የድብርት ስሜታቸው ቀንሷል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለአእምሮ ህክምና ተብለው የመጡ ታካሚዎች አይደሉም። ልጅነታቸው ላይ ብዙ በደል የደረሰባቸው ፒቲኤስዲ ያለባቸው 17 ሰዎች ላይ የተሰራም አለ፣ ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፣ ግን የማወዳደሪያ ቡድን አልነበረውም። ሌሎችም በቡድን በኦንላይን የሚሰጡ እየተሞከሩ ነው። ስለዚህ ተረጋግጧል የሚላችሁን አትመኑ፣ ውሸት ነው የሚላችሁንም እንደዛው። ገና በመጠናት ላይ ያለ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የአይኤፍኤስ ስልጠና ላይሰንስ ለሌላቸው ሰዎችም ክፍት ነው፣ ኮችም (የህይወት አሰልጣኝ) የመንፈሳዊ አማካሪም ወስዶ ፕራክቲሽነር ሊባል ይችላል። ለቀላል ነገር ችግር ላይኖረው ይችላል፣ ለከባድ ትራውማ ግን አይሆንም። ሁለተኛው እምነት ያላችሁን ይመለከታል፦ አንዳንድ የአይኤፍኤስ ሰዎች የሰውየው ክፍል ያልሆነ፣ ከውጪ የተጣበቀ ሸክም አለ ብለው እሱን የማስወጣት ስራ ይሰራሉ። ኦርቶዶክስም ሁኑ ፕሮቴስታንት ወይ ሙስሊም፣ ይሄን ቴራፒስት ቢሮ ውስጥ ሳታስቡት ልታገኙት አትፈልጉም። ሁሉም አይሰሩትም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስኪማ ቴራፒ

ይሄኛው ስሙ ብዙ አይወራለትም ግን ከነዚህ ሁሉ በደንብ የተጠናው እሱ ነው። ጄፍሪ ያንግ ከሲቢቲ አባት ከአሮን ቤክ ጋር የሰራ ሰው ነው፣ በተለመደው ሲቢቲ ያልተሻላቸውን ሰዎች እያየ ነው ያወጣው። ክፍሎቹን «ሞድ» ነው የሚላቸው፦ ተጋላጩ ልጅ፣ የተቆጣው ልጅ፣ የሚቀጣው ወላጅ፣ ስሜቱን ዘግቶ የሚርቀው ጠባቂ፣ እና ጤናማው አዋቂ። ስራው በአጭሩ ጤናማውን አዋቂ ማጠንከር፣ የሚቀጣውን ድምፅ ማስቆም፣ ልጁን መንከባከብ ነው።

ከአይኤፍኤስ የሚለይበት ቦታ እዚጋ ነው። አይኤፍኤስ ሁሉም ክፍል መልካም ሀሳብ አለው ይላል፣ ተሳዳቢውም ጭምር፣ ስለዚህ እሱንም ተረዱት። ስኪማ ደሞ ያ ተሳዳቢ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የናንተ አይደለም ይላል፣ ካሳደጋችሁ ሰው የገባ ነው፣ ስለዚህ ተከራከሩት፣ ከቤት አስወጡት። አንዳንዱ ሰው ለምሳሌ «አንተ የማትረባ» እየተባለ በቀበቶ ያደገ፣ ያንን ድምፅ በርህራሄ አናግረው ሲባል ደሙ ይፈላል፣ ለሱ ስኪማ ይሻለዋል። ሌላው ደሞ ከራሱ ጋር መጣላት ሰልችቶታል፣ ለሱ አይኤፍኤስ ይቀለዋል። ይሄን ልዩነት በደንብ አስቡበት፣ ከዘዴው ስም የበለጠ የሚወስነው ይሄ ነው።

ሌላው የስኪማ ነገር ቴራፒስቱ ሞቅ ያለ ነው፣ በልጅነት ያልተገኘውን እንክብካቤ በሙያው ድንበር ውስጥ በተወሰነ መጠን ይሰጣል። በምናብም ወደ ድሮው ትዕይንት ተመልሶ፣ ቴራፒስቱ ወይ አዋቂው እናንተ ገብታችሁ ልጁን ታስጥሉታላችሁ። ይሄ የሆነውን ለመካድ አይደለም፣ ስሜቱን ለመቀየር ነው።

ማስረጃው፦ ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2006 የታተመው ጥናት ቦርደርላይን የሚባለው፣ ስሜትና ግንኙነት ቶሎ ቶሎ የሚናወጥበት፣ የስብዕና ችግር ያለባቸውን 86 ሰዎች ለ3 አመት ተከታትሎ፣ ከሌላ ጠንካራ ቴራፒ ጋር አወዳድሮ ስኪማ በልጦ ተገኝቷል፣ አቋርጠው የሚወጡትም አነሱ። በ2014 ደሞ ሌሎች የስብዕና ችግሮች ያሉባቸው 300 ገደማ ሰዎች ላይ በ50 ሴሽን ጥሩ ውጤት ታይቷል። በ2022 በ5 ሀገር 495 ሰዎች ላይ የተሰራው ደሞ የቡድንና የግል ሴሽን ሲቀላቀል የተሻለ እንደሚሰራ አሳየ።

ችግሩ ርዝመቱ ነው። የመጀመሪያው ጥናት ላይ በሳምንት ሁለቴ ነበር፣ ለ3 አመት። ማን ይችለዋል? ኢንሹራንስ ካልከፈለ ከባድ ነው። ሰዎቹም ብዙ አይገኙም፣ በተለይ አሜሪካ። ኔዘርላንድስ ያላችሁ ግን እድለኞች ናችሁ፣ እዛ በጣም የተስፋፋ ነው፣ በቤተሰብ ሀኪም ሪፈራል በመሰረታዊው ኢንሹራንስ ይሸፈናል፣ ከኪሳችሁ የሚወጣው የአመቱ የራስ ድርሻ ነው።

የወንበር ስራ (ኢሞሽን ፎከስድ ቴራፒ፣ በአጭሩ ኢኤፍቲ)

ሁለት ወንበር ይቀመጣል። አንዱ ላይ ተቀምጣችሁ ተቺው ድምፅ ሆናችሁ ራሳችሁን ትሰድባላችሁ፣ ከዛ ተነስታችሁ ሌላው ላይ ትቀመጡና ተሰዳቢው ሆናችሁ ትመልሳላችሁ። ወይ ባዶ ወንበር ላይ ያላለቀ ነገር ያላችሁን ሰው፣ የሞተ አባት፣ የከዳ ጓደኛ፣ አስቀምጣችሁ ታናግሩታላችሁ። የወንበሩ ነገር ከሳይኮድራማው (በትወና የሚሰራ ቴራፒ) ከሞሬኖና ከጌስታልቱ (ሌላ የቆየ የቴራፒ አይነት) ከፍሪትዝ ፐርልስ የመጣ ነው፣ ስርዓት አስይዞ ያስጠናው ደሞ ቶሮንቶ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሌስሊ ግሪንበርግ ነው። ድብርት ላይ የተሰሩት ጥናቶቻቸው ከ16 እስከ 20 ሴሽን የሚያልቁ ናቸው። ስለዚህ አጭሩ አማራጭ ይሄ ነው፣ ለድብርትና ለራስ ወቀሳ ማስረጃውም ከአይኤፍኤስ ይሻላል።

ስሙ ግን ያሳስታል፣ ኢኤፍቲ የሚባሉ 3 የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ይሄ ነው። ሁለተኛው የሱ ጆንሰን የጥንዶች ቴራፒ ነው፣ ዘመዱ ነው ግን ለባልና ሚስት ነው። ሶስተኛው ፊትና ደረት ላይ በጣት መታ መታ የሚደረግበት ነው፣ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም። ቀጠሮ ስትይዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው ጥንዶች ጋር ደውሎ ነው የሚመለሰው።

ለኛ ሰው አንድ የተለየ ነገር አለው። ባዶ ወንበር ላይ እናትን አስቀምጦ «ተናድጄብሻለሁ» ማለት ለአንድ ሀበሻ ቀላል አይደለም። እናቱን እርስዎ እያለ ያደገ ሰው ምላሱ ይያያዛል፣ ፈረንጅ ቴራፒስት ደሞ ያንን ዝምታ እምቢተኝነት ወይ ስሜትን መሸሽ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ቀድማችሁ ንገሩት፦ እኛ ጋር ይሄ ነውር ነው፣ ሳላዋርዳት ህመሜን የምናገርበት መንገድ ፈልግልኝ በሉት። ጥሩ ቴራፒስት «እወድሻለሁ፣ ይሄ ግን ጎድቶኛል» ከሚለው ያስጀምራችኋል።

ኢጎ ስቴት እና ሌሎቹ

ኢጎ ስቴት ቴራፒን ጆን እና ሄለን ዋትኪንስ የሚባሉ ሞንታና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ባልና ሚስት ናቸው ያሳደጉት፣ ብዙ ጊዜ ከሂፕኖሲስ (ሰውን በጥልቅ ተመስጦ ውስጥ አድርጎ ማናገር) ጋር ነው የሚሰራው። ዛሬ በብዛት የሚጠቀሙበት ከባድና ተደጋጋሚ ትራውማ ላይ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው፦ ሰአታት የሚጠፋባቸው፣ ያደረጉትን የማያስታውሱ፣ ከሰውነታቸው ወጥተው ራሳቸውን የሚያዩ ታካሚዎች። በስደት መንገድ ሊቢያ በረሃ የታገቱ፣ የታሰሩና የተሰቃዩ ሰዎችም ላይ እንዲህ አይነት ነገር ሊመጣ ይችላል። ለነሱ የምለው፣ ዘዴው ኢጎ ስቴት ሆነ ሌላ፣ ባለሙያው በዲሶሲየሽን፣ ማለት በእንዲህ አይነቱ ከራስ መለያየት፣ የሰለጠነ መሆን አለበት፣ ቅደም ተከተሉም መጀመሪያ ማረጋጋት፣ ከዛ ትዝታው፣ ከዛ ኑሮውን መልሶ መያዝ ነው። የመጀመሪያ ቀን በሂፕኖሲስ ወደ ትዝታው ልውሰድህ የሚል ሰው ጋር አትቀመጡ። በሂፕኖሲስም በምናብም የመጣ ምስል በራሱ ያ ነገር በእርግጥ ሆኗል ማለት አይደለም፣ በዚህ ምክንያት ሰው ከቤተሰቡ ጋር እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ትራንዛክሽናል አናሊሲስ፣ የሰውን ውስጥ ወላጅ፣ አዋቂና ልጅ ብሎ የሚከፍለው የኤሪክ በርን ዘዴ፣ የቆየ ነው፣ በስራ ቦታና በትዳር ንግግር ላይ ነገሩን ቶሎ ለመረዳት ይጠቅማል። ለከባድ ህመም ግን ቀዳሚ አላደርገውም። ቮይስ ዳያሎግና ሳይኮሲንተሲስ የሚባሉም አሉ፣ ለራስ እውቀት ይሆናሉ፣ እንደ ህክምና የሚያስቆጥራቸው ጥናት ግን ትንሽ ነው።

በአንድ እይታ

| አይነት | በይበልጥ ለማን | ማስረጃ | ርዝመት | መጠንቀቂያ |
|---|---|---|---|---|
| አይኤፍኤስ | የተረጋጋ ኑሮ ላለው፣ ሀፍረትና የውስጥ ጥል ላለበት | ጅምር፣ ትናንሽ ጥናቶች | ከወራት እስከ አመታት፣ ገደብ የለውም | ላይሰንስ የሌለው ፕራክቲሽነር፣ «ከውጪ የተጣበቀ» የሚሉት ነገር |
| ስኪማ | እድሜ ልክ የተደጋገመ የግንኙነትና የስብዕና ችግር | ጠንካራ | ከ1 እስከ 3 አመት | ዋጋና ጊዜ፣ ባለሙያው አይገኝም |
| የወንበር ስራ | ድብርት፣ ራስን መውቀስ፣ ያላለቀ ሀዘን | መካከለኛ፣ ለድብርት ጥሩ | ከ16 እስከ 20 ሴሽን | ስሙ ከሌሎች ጋር ይምታታል፣ ስሜቱ ቶሎ ይከብዳል |
| ኢጎ ስቴት | ከባድ ትራውማ፣ ዲሶሲየሽን | ትንሽ | ረጅም | በሂፕኖሲስ መቸኮል |
| ትራንዛክሽናል አናሊሲስ | የንግግርና የግንኙነት ልማድ | የተደበላለቀ | ይለያያል | ለከባድ ህመም አይበቃም |

ብሩስ?

አሜሪካ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው ለአይኤፍኤስ ወይ ለስኪማ ብሎ አይደለም፣ ላይሰንስ ያለው ሰው ለሰጣችሁ የሳይኮቴራፒ ሰአት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኢን ኔትወርክ የሆኑትን (ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል ያላቸውን) ዘርዝሩ፣ ከነሱ ውስጥ ደሞ ዘዴውን የሚያውቀውን ፈልጉ፣ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ከኪስ የሚከፈልበት ሰው ጋር ነው የምትደርሱት። ከኪስ ከሆነ ትላልቅ ከተሞች ላይ ለአንድ ሴሽን ከ100 እስከ 250 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። አቅም ከሌለ የዩኒቨርሲቲ ማሰልጠኛ ክሊኒኮች አሉ፣ ተማሪው በአስተማሪ ክትትል ስር ነው የሚሰራው፣ ዋጋው በጣም ያንሳል፣ እኔ ከውድ ኮች ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። የማህበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም እንደ ገቢያችሁ ነው የሚያስከፍሉት። የፌደራል ብር የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንዳትወስዱ፣ ልጅ የእናቱን ቁስል መተርጎም የለበትም።

ጀርመን የህዝብ ኢንሹራንሱ የሚሸፍናቸው የታወቁ ዘዴዎች ናቸው፣ ስኪማ በባህሪ ቴራፒ ስር በሚሰራ ሀኪም በኩል ሊገኝ ይችላል፣ አይኤፍኤስ ግን በራሱ ስም አይሸፈንም። እንግሊዝ የመንግስቱ የጤና አገልግሎት ኤንኤችኤስ ቶኪንግ ቴራፒስ ላይ ራሳችሁ መመዝገብ ትችላላችሁ፣ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሲቢቲ ሊሆን ይችላል፣ አትናቁት። ገልፍ ላይ በሰው ቤት እየሰራችሁ በስልክ ቴራፒ የምትሞክሩ ደሞ በሩ የሚዘጋ ክፍልና ማንም የማይሰማችሁ ሰአት ከሌለ የወንበር ስራም ወደ ልጅነት ትዝታ መግባትም አትጀምሩ፣ መተንፈስን፣ ማረጋጋትንና እንቅልፍን የሚያግዝ ምክር ይበቃል ለጊዜው።

ምንም ብር ከሌለ ማስታወሻ ደብተር አለ። ተሳዳቢውን ድምፅ በአንድ ቀለም፣ መልሱን በሌላ ቀለም መፃፍ፣ «ምን ፈርተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ማንም ይችላል። ግን ቀላሉ ነገር ላይ ብቻ ቆዩ፣ ስራ ማዘግየት፣ እምቢ ማለት አለመቻል፣ እነዚህ ላይ። የተደፈረችውን ልጅ ወይ የተደበደበውን ልጅ ብቻችሁን ለመቀስቀስ አትሞክሩ።

በቋንቋው ጉዳይ

ክፍሎቻችሁ እንግሊዝኛ አይናገሩ ይሆናል። የ6 አመቷ ልጅ ደብረ ብርሃን ወይ ጎንደር ነው ያለችው፣ ስትሰደብም በአማርኛ ነው የተሰደበችው። ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች የልጅነት ስሜታቸው በመጀመሪያ ቋንቋቸው ሲነካ እንደሚጠነክር የታወቀ ነው፣ በሁለተኛው ሲያወሩት ደሞ ራቅ ይልላቸዋል። ይሄ በሁለት መንገድ ይጠቅማል፦ ከባዱን ነገር መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ማውራት ይከላከላል፣ ሲደላደሉ ደሞ ወደ አማርኛ መግባት። አማርኛ የሚችል ቴራፒስት ካላገኛችሁ «ወንበሩ ላይ ስሆን በቋንቋዬ ልናገር፣ ከዛ ምን እንዳልኩ እነግርሃለሁ» በሉት፣ ደህና ባለሙያ ደስ ብሎት ይቀበላል። አስተርጓሚ ካለ ደሞ የሰፈር ሰው እንዳይሆን ከሌላ ግዛት በስልክ ጠይቁ፣ የኛ ኮሚኒቲ ትንሽ ነው።

መጀመሪያ ስትደውሉ የምትጠይቁት

ላይሰንስህ ምንድን ነው፣ ቁጥሩን ንገረኝ (የግዛቱ ቦርድ ዌብሳይት ላይ በነፃ ይታያል)። ይሄን ዘዴ የት፣ ለምን ያህል ጊዜ ሰለጠንክ፣ አሁንስ የሚከታተልህ አለ? እንደኔ አይነት ችግር ያለበት ሰው አክመህ ታውቃለህ? ከሴሽኑ በኋላ ለብዙ ቀን ብረበሽ ምን እናደርጋለን? እምነቴን እንዴት ታየዋለህ? የተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን? የመጨረሻውን ጥያቄ በደንብ የማይመልስ ሰው አይመቸኝም፣ ምክንያቱም የክፍሎች ስራ ደስ ስለሚል ብቻ ለአመታት ሊቀጥል ይችላል፣ በየሳምንቱ አዲስ ክፍል ይገኛል፣ ኑሮው ግን ያው ነው።

ጀምራችሁ ሁለት ወር ገደማ ከሄዳችሁ በኋላ እንቅልፉ፣ ስራው፣ ከሰው ጋር ያለው ነገር ትንሽም ካልተነካ፣ ወይ እየባሰ ከሄደ፣ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። እዛው ቁጭ ብላችሁ «አልተሻለኝም፣ ምን እንቀይር?» በሉ። ይሄን ሲሰማ ወቀሳውን ወደናንተ የሚመልስ፣ «የሚከላከለው ክፍልሽ ነው ይሄን የሚያስብልሽ» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። ሰምቶ እቅዱን ከቀየረ ደሞ፣ ዘዴው የትኛውም ቢሆን፣ እሱ ጋር ቆዩ።